ስለ ትንሿ መጽሐፍህ

ይድረስ ለውድ ወዳጄ፤

ለጤናህ እንደምን ነህ? ቤተሰብስ? እኔ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ። እንዲህ ተጠፋፍተን እንቀራለን ብዬ አስቤ አላውቅም። ማን ቀድሞ ጠፋ የሚለውን ስንገናኝ እንከራከርበታለን። ዛሬ የምጽፍልህ ስለ መጽሐፍህ ነው።

ለጀማሪዎች የጻፍካትን የዌብ ፕሮግራሚንግ መጽሐፍ ኮድ መማር ለሚፈልግ ሰው ሁሉ አውሳለሁ። መልሰው ሲያመጡልኝ እንዴት አገኛችኋት ማለቴ አይቀርም። ከማላውቃቸው አንባቢዎችም አስተያየት ለቃቅሜያለሁ። ሁለተኛ እትም እያሰብክ ነው ሲሉ ሰማሁ፤ ስለዚህ ሳልሸፋፍን ልንገርህ።

ምስጋናው ይቅደም። ወፍራም መጽሐፍ ጀምረው መሃል ላይ የተዉ ሰዎች ያንተን ጨርሰዋል። ማጠሯ ብቻ አይመስለኝም ምክንያቱ። ሌሎቹ ገና ከመግቢያው ይህን ጫን፣ ያንን አውርድ፣ እዚህ ተመዝገብ ይላሉ። አንተ ኮምፒውተሩ ላይ ባለው ኖትፓድ ጥቂት መስመር ኤችቲኤምኤል (የድረ ገጽ መጻፊያ ቋንቋ) አስጽፈህ ወዲያው በብራውዘር አስከፈትካቸው። አንዷ አንባቢ፣ «ርዕሱን ቀይሬ ሪፍሬሽ ሳደርግ ገጹ ላይ ሲቀየር አየሁ፣ ከዚያ መተው አቃተኝ» ብላኛለች። ያችን ምዕራፍ እንዳትነካት!

ገጽን የሚያንቀሳቅሰው የፕሮግራም ቋንቋ፣ ጃቫስክሪፕት፣ እ.ኤ.አ. በ1995 በፕሮግራመሩ ብሬንዳን አይክ እጅ በ10 ቀን ውስጥ መወለዱን የተረክባትንም አንቀጽ ወደዋታል። ቁጥር 1 ከጽሑፍ 1 ጋር ሲደመር 11 የሚሆነው በእነሱ ድድብና እንዳልሆነ ሲገባቸው ቀለል ይላቸዋል።

አሁን ወደ ወቀሳው። ከሁሉም በላይ የምሰማው «አጠረች» የሚለውን ነው። መጀመሪያ ምዕራፍ ጨምር የሚሉህ መስሎኝ ነበር። ግን ምኑ አነሰ ብዬ ስጠይቅ አዲስ ርዕስ የሚጠራልኝ ጥቂት ሰው ነው። አብዛኛው የሚነግረኝ የቆመበትን ቦታ ነው። ኮዱን እንዳለ ገልብጦ ጽፏል፣ ገጹ ላይ የሠራውን ቁልፍ ይጫናል፣ ምንም አይፈጠርም። መጽሐፏም ዝም፣ ኮምፒውተሩም ዝም።

ችግሩ የሚጀምረው ከሁለተኛው ምዕራፍ ወደ ሦስተኛው ሲሻገሩ ነው። ብራውዘር ለኤችቲኤምኤል እንደ አያት ነው፤ መዝጊያ ታግ (የአንድን ክፍል ማብቂያ የሚያሳይ ምልክት) ብትረሳ እንኳ ችሎህ ገጹን ያሳይሃል። አንባቢህ ይህን ለምዶ ጃቫስክሪፕት ላይ ይደርሳል። እዚያ አንዲት ቅንፍ ከጎደለች የዚያ ፋይል ኮድ በሙሉ አይነሳም። ስህተቱ የት መስመር ላይ እንዳለ ብራውዘሩ ጽፎታል፣ ግን የጻፈው ኮንሶል ውስጥ፣ ማለትም ብራውዘሩ ስህተት በሚዘግብበት የተደበቀ መስኮት ውስጥ ነው። ኮንሶል የሚባል ነገር መኖሩን ደግሞ መጽሐፍህ የትም ቦታ አታነሳም። ኤፍ12ን ተጫን ለማለት አንድ መስመር ይበቃ ነበር።

ከዚህ የባሰችው የቁልፏ ምሳሌ ናት። ስክሪፕቱን (የጃቫስክሪፕቱን ኮድ) ከገጹ አናት፣ ሄድ ውስጥ አስገብተኸዋል። ብራውዘር ገጹን ከላይ ወደ ታች ነው የሚያነበው፤ ስክሪፕቱ ቁልፉን ሲፈልግ ቁልፉ ገና አልተፈጠረም፤ የሚያገኘው ባዶ ነው። ኮዱ በፊደል ደረጃ ምንም ስህተት የለበትም፣ ግን አይሠራም። ስንቱ ጀማሪ ነጠላ ሰረዝ ሲፈልግ እንዳመሸ አስበው። ስክሪፕቱን ወደ ገጹ መጨረሻ፣ ከቦዲ መዝጊያ በላይ አውርደው፣ ወይም በተለየ ፋይል አድርገህ «ገጹ እስኪያልቅ ጠብቅ» የምትለውን ዲፈር የተባለች ቃል ጨምርበት፤ ያልቃል። ምክንያቱንም ግን ንገራቸው። ገጽ እንዴት እንደሚገነባ ከዚህ የተሻለ ማስተማሪያ አታገኝም።

አንዱ ደግሞ አስቆኛል። የመጀመሪያ ገጹን ሠርቶ አድራሻውን ከላይ ኮፒ አድርጎ ለጓደኛው ላከ። ጓደኛው «አይከፈትም» ይለዋል፣ እሱ «እኔ ጋ ይከፈታል» ይላል። ለካ አድራሻው የሚጀምረው ፋይል በሚለው ነው፤ ገጹ ከራሱ ኮምፒውተር ወጥቶ አያውቅም። ሰርቨር (ገጹን ለሌሎች የሚያቀርበው ኮምፒውተር) ምን እንደሆነ፣ ጥያቄ እንዴት ሄዶ መልስ እንዴት እንደሚመጣ፣ 404 እና 500 የተባሉት የስህተት ቁጥሮች ምን እንደሚሉ ሁለት ሦስት ገጽ ብትጽፍ ይህ ሁሉ ይቀራል።

የፎርሙን (ተጠቃሚው መረጃ የሚሞላበትን) ምዕራፍ በተመለከተ ከአንድ ልምድ ያለው ፕሮግራመር ክፉኛ ወቀሳ ሰምቻለሁ፤ እኔም ከእሱ ጎን ነኝ። ተጠቃሚው የጻፈውን በቀጥታ ኤስኪውኤሉ (ዳታቤዝን የምናዝበት ቋንቋ) ውስጥ ቀጥለኸዋል፤ ፓስወርዱንም እንዳለ ዳታቤዝ ውስጥ አስቀምጠኸዋል። ለጀማሪ እንዳይከብድ ብለህ እንደሆነ ይገባኛል። ግን ጀማሪ ያየውን ነው የሚገለብጠው፤ ነገ ሥራ ሲይዝም ያንኑ ኮድ ይዞ ይሄዳል። የሰርቨር ቋንቋው ፒኤችፒ እኮ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ፓስወርድን ሃሽ የሚያደርግ፣ ማለትም ተመልሶ ወደማይነበብ ጽሑፍ የሚቀይር የራሱ ፋንክሽን አለው። አንድ መስመር ነው። ኤስኪውኤሉን በፕሪፔርድ ስቴትመንት (የተጠቃሚው ጽሑፍ እንደ ትእዛዝ እንዳይነበብ ለይቶ በሚያስቀምጥ አጻጻፍ) መጻፍም ቢሆን ሁለት መስመር ቢጨምር ነው። በዚህ ላይ ማጠር ሰበብ አይሆንም፣ ይቅርታ አድርግልኝ።

«አርጅታለች» የሚሉም አሉ። ግማሹ እውነት ነው። በጃቫስክሪፕት ለእሴት ስም ስታወጣ ቫር የሚለውን ተውና ሌት እና ኮንስት አድርገው፤ እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ የተለመደው እንደዚያ ነው። ፍሎት በተባለው አሮጌ ዘዴ የደረደርከውን ገጽ ደግሞ ፍሌክስቦክስ የተባለው አዲሱ ስላለ ጣለው። «ሪአክት (በጃቫስክሪፕት ላይ የተሠራ የገጽ መገንቢያ) ለምን የለም» የሚሉህን ግን አትስማቸው። የዌብ ፈጣሪ ቲም በርነርስ ሊ በአውሮፓ የፊዚክስ ምርምር ማዕከል ሰርን ውስጥ የሠራው የመጀመሪያው ድረ ገጽ ቅጂ ዛሬም በስልክ ብራውዘር ይከፈታል። መሠረቱ ያን ያህል አይለዋወጥም። እንደ ሪአክት ያለውን ፍሬምወርክ (ዝግጁ መገንቢያ) መሠረቱን የያዘ ሰው በኋላ ራሱ ይደርስበታል።

መልመጃዎቹ መልስ የላቸውም የሚለው ተደጋግሟል፤ ጨምርላቸው። የኮዱ ፎቶዎች ጥቁር መደባቸው በኅትመት ላይ አይነበብም። (ሽፋኑን ማንም አልወደደውም፤ እኔም አልወደድኩትም።)

አስተያየቶቹን ራስህ ማንበብ ከፈለግክ አምስት ኮከብ የሰጡህን እለፋቸው። አንድ የሰጡህንም እንደዚያው፤ ብዙዎቹ ከመጀመሪያው ምዕራፍ አላለፉም። ሦስት የሰጡት ናቸው እስከ መጨረሻው የታገሉልህ። የቆሙበትን ገጽ ሳይቀር ይነግሩሃል።

እና አደራህን፣ «አጠረች» ስላሉህ አታወፍራት። የሚጎድላት ነገር ሲበላሽ ምን ይደረጋል የሚለው ነው። ለእያንዳንዱ ምዕራፍ መጨረሻ አንድ ገጽ ስጠው፦ እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ምንድን ነው፣ ኮንሶሉ ምን ይላል፣ ከየት ይጀመራል። የተለቃቀሙትን ጥያቄዎች በየምዕራፉ ለይቼ ልልክልህ እችላለሁ። አንተ ደግሞ የፎርሙን ምዕራፍ አስተካክለህ አስቀድመህ ላክልኝ፤ ለዚያ ፕሮግራመር አሳየዋለሁ። ካላሳለፈው ግን እንዳትቀየመኝ።

ለቤተሰቡ ሁሉ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ወዳጅህ