የሥነ ጽሑፍ ክበብ፦ «የአርባ ቀን ዕድሉ ነው» ከማለት በፊት

ክበባችን ዘንድሮ የያዘው ጥያቄ አንድ ነው፤ ገጸ ባሕርያት እመጨረሻቸው የሚደርሱት መርጠው ነው ወይስ ተጽፎባቸው?

አሠራሩ ቀላል ነው። አምስት ተማሪዎች አንድ ውሳኔ ብቻ ይመርጣሉ። ወረቀቱን ለሦስት ከፍለው ገጸ ባሕርዩ በዚያች ሰዓት የሚያውቀውን፣ ሊያደርግ ይችል የነበረውንና ያገደውን ከነገጽ ቁጥሩ ያሰፍራሉ። ከዚያ አንዱን እገዳ አውጥተው ታሪኩ አቅጣጫ ይቀይር እንደሆነ ይከራከራሉ።

ከሁሉ የበለጠ ያከራከረን የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) ነው። አገሩ ጎጃም በመሆኑ ተማሪዎቹ ነገሩን በቅርብ ያውቁታል፤ የጣና ገዳማት ስለት ሲገባባቸው አይተዋል። ዋናውን ገጸ ባሕርይ በዛብህን መጀመሪያ «ዕድለ ቢስ» ብለው ዘጉት። ወረቀቱ ሲሞላ ግን ያሰረው ለቤተ ክርስቲያን የሰጠው የእናቱ ስለት ሆኖ ተገኘ፤ ስለት ደግሞ ሰው በአፉ የሚገባው ቃል ነው። አንደኛው ቡድን ስለቱን አወጣ። በዛብህ ያኔም ለባላባቱ ለፊታውራሪ መሸሻ ከሴት ልጃቸው ከሰብለ ወንጌል ጋር የማይመጥን የድኻ ልጅ ነው! የከበደው እገዳ የዘር ቆጠራው ነው፤ የዘመኑን ልማድ የሚነቅፈው ጉዱ ካሣ ደጋግሞ የሚጮኸውም በዚሁ ላይ ነው። በእኔ ግምት የዓመቱ ምርጥ ሥራ ይህ ነው።

የሼክስፒር «ማክቤዝ» ብዙ አላስቸገረም። ጠንቋዮቹ ማክቤዝን ትነግሣለህ አሉት እንጂ ንጉሡን ግደል አላሉትም፤ የጦር ጓዱ ባንኮም አብሮት ቆሞ ስለ ዘሮቹ የተነገረውን ሰምቶ እጁን ሰብስቧል። የሶፎክልስ ኤዲፐስ ግን ሳይፈታ አደረ፤ አባትህን ገድለህ እናትህን ታገባለህ ከተባለበት ትንቢት ሊያመልጥ ከቆሮንቶስ ሲሸሽ ነው እትንቢቱ የሚገባው።

ሁለት ስሕተቶች ተደጋግመዋል። አንዱ «ደራሲው ስለፈለገ ነው» ማለት ነው፤ ለሁሉም እኩል ስለሚሠራ የትኛውንም አያብራራም። ሁለተኛው አንባቢ የሚያውቀውን ገጸ ባሕርዩም ያውቃል ብሎ መፍረድ ነው። ቶልስቶይ «ጦርነትና ሰላም» መጨረሻ ላይ ምክንያቱን አስቀምጦታል፤ ድርጊቱ በጊዜ በራቀና መንስኤው በታወቀ መጠን ነጻነቱ ያነሰ ይመስለናል። ስለዚህ ውሳኔው ያለበት ምዕራፍ ላይ መጽሐፉን ዘግቶ ወረቀቱን መሙላት፣ ቀሪውን ከዚያ በኋላ ማንበብ ግድ ነው። መጽሐፉን ጨርሰው የመጡ ተማሪዎች ሦስተኛውን ዓምድ ሞልተው ሁለተኛውን ባዶ የሚተዉት በዚህ ነው።

ለመጪው ዓመት የሰብለ ወንጌልን ውሳኔዎች ብቻ እንይዛለን። አዲስ አባላት ሳያነቡ ቢመጡ ይመረጣል፤ መጽሐፉን በቡድን እየተፈራረቅን እናነበዋለን።