ስለ ሳንዲ ተርንቡል

ይድረስ ለወዳጄ ዳዊት፣

እንደምን ሰነበትክ? ይህን ያህል ጊዜ ድምፄን ማጥፋቴ ያሳፍራል፤ ሰበብ አልደረድርልህም። ለሬዲዮ ፕሮግራምህ ስለ ስኮትላንዳዊው እግር ኳስ ተጫዋች ሳንዲ ተርንቡል ልታዘጋጅ መሆኑን ሰምቼ ነው የምጽፍልህ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው።

ሰው ሁሉ የሚጀምረው በማንቸስተር ዩናይትድ ሜዳ በኦልድ ትራፎርድ የመጀመሪያውን ጎል ያገባው እሱ ነው ከሚለው ነው። ልክ ነው፤ ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1910 ሊቨርፑል ላይ አገባ፣ ዩናይትድ ግን 4 ለ 3 ተሸነፈ። አንተ ግን ከደመወዙ ጀምር፤ የዚህ ሰው ታሪክ ያለዚያ አይገባም።

ከ1901 ጀምሮ በእንግሊዝ ለአንድ ተጫዋች በሳምንት ከ4 ፓውንድ በላይ መክፈል ክልክል ነበር። ለፊርማም ቢሆን ከ10 ፓውንድ አያልፍም። ውሉ ቢያልቅ እንኳ ክለቡ ካልለቀቀው በሊጉ ለሌላ መጫወት አይችልም። ሕዝቡ በሺዎች እየከፈለ ሲገባ ክለቦች ምን አደረጉ? በጓሮ ይከፍሉ ነበር።

በ1884 ኤርሻየር ውስጥ ሀርልፎርድ የተወለደው ተርንቡል በ1902 ማንቸስተር ሲቲን ተቀላቀለ፤ በ1904 የኤፍኤ ዋንጫን አነሳ። ነገሩ የተበላሸው የሲቲው ተጫዋች ቢሊ ሜሬዲት ለአስቶን ቪላ ተጫዋች 10 ፓውንድ ጉቦ ሊሰጥ ነበር ተብሎ ሲታገድ ነው። ሲቲ አልደግፍህም ሲለው የክለቡን ድብቅ ክፍያ አወጣው። በ1906 ተርንቡልን ጨምሮ 17 ተጫዋቾች እስከ ዓመቱ መጨረሻ ታገዱ፤ ለሲቲም ዳግም እንዳይሰለፉ ተወሰነ። የዩናይትዱ አሰልጣኝ ኧርነስት ማንግናል ፈጥኖ ሜሬዲትን፣ ተርንቡልን፣ በርጀስንና ባኒስተርን ወሰደ። እገዳው ባበቃበት ጃንዋሪ 1 ቀን 1907 ተርንቡል ቪላ ላይ ብቸኛዋን ጎል አገባ። በቀጣዩ የውድድር ዘመን 25 የሊግ ጎል አስቆጥሮ ዩናይትድ የመጀመሪያ የሊግ ሻምፒዮናውን አገኘ። በማንቸስተር ደርቢ ከሜዳ የተባረረ የመጀመሪያው ተጫዋችም እሱ ነው፤ ቀይ ካርድ ገና ስላልነበረ ግን "ቀይ አየ" እንዳትል።

የ1909ኙን የኤፍኤ ዋንጫ ፍጻሜ አትለፈው። ተርንቡል ተጎድቶ ነበር። በእንግሊዝ ሊግ ተቀያሪ የተፈቀደው በ1965 ስለሆነ፣ ያኔ አንድ ሰው ካነከሰ ቡድኑ በ10 ሰው ይጨርሳል። ሆኖም አምበሉ ቻርሊ ሮበርትስ ጎል ካገባ እኛ እንሸከመዋለን ብሎ ማንግናልን አሳመነው። የቡድን ጓደኛው የሃልስ ምት አግዳሚውን መትቶ ሲመለስ ተርንቡል አስገባት፤ ብሪስቶል ሲቲ 1 ለ 0 ተሸነፈ።

አሁን ወደ 1915 እንምጣ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሊጉን ሊያስቆም ነው፣ ደመወዝም አብሮ ሊቆም ነው። ኤፕሪል 2 ቀን ዩናይትድ ሊቨርፑልን 2 ለ 0 አሸነፈ፤ በዚያው ውጤት ላይ በ1 ፓውንድ 7 የሚከፍል ውርርድ በብዛት ተይዞ ነበር። ፍጹም ቅጣት ምት እጅግ ርቆ ወጣ፤ የሊቨርፑሉ ፓግናም አግዳሚ ሲመታ የራሱ ጓደኞች ተቆጡት። ተመልካች እንኳ ነቅቶባቸዋል! ውጤቱን አስቀድመው ተስማምተውበታል ተብሎ ከሁለቱም ክለቦች ሰባት ተጫዋቾች ዕድሜ ልክ ታገዱ፣ ተርንቡልም አንዱ ነው። እሱ ግን በዚያ ቀን ሜዳ አልገባም፤ "ተሰልፎ ጨዋታ ሸጠ" ካልክ ትሳሳታለህ።

ሜይ 3 ቀን 1917 ከኢስት ሰሪ ክፍለ ጦር ጋር ፈረንሳይ ውስጥ በአራስ ከተማ አቅራቢያ በተደረገው ውጊያ ሞተ። እገዳው በ1919 ተነሳለት። አብሮት የታገደው የክለብ ጓደኛው ኢኖክ ዌስት ግን እስከ 1945 ጠበቀ፤ ጊዜ ከተረፈህ ሁለተኛውን ክፍል ለእሱ ስጠው።

ፕሮግራሙ የሚተላለፍበትን ቀን ጻፍልኝ። ቤተሰቡን ሁሉ ሰላም በልልኝ።

ወዳጅህ