የፎቶ መጽሐፍ ሲመረቅ መድረኩን ብቻ ሳይሆን ገጹንም እዩልን

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

የጥበብ ገጻችሁ ፎቶግራፈሮቻችን መጽሐፍ ባሳተሙ ቁጥር ዜናውን ለአንባቢ ማድረሱ ያስመሰግነዋል። ቅር የሚለን ዘገባው የሚያተኩርበት ነገር ነው። ምረቃው የት እንደተካሄደ፣ የክብር እንግዳው ማን እንደነበሩ፣ መጽሐፉ ስንት ገጽ እንዳለውና ስንት ብር እንደሚሸጥ ይጻፋል። ፎቶዎቹ ወረቀት ላይ እንዴት እንደወጡ፣ ጥራዙ ይዘልቅ እንደሆነ፣ ከፎቶው ሥር ያለው መግለጫ ትክክል ስለመሆኑ ግን አንዲት መስመር አትገኝም። ልብ ወለድ በሳሳ ወረቀት ቢታተም ታሪኩ ያው ነው። የፎቶ መጽሐፍ ላይ ግን ወረቀቱና ቀለሙ ራሳቸው ሥራው ናቸው፤ እነሱ ከተበላሹ ፎቶግራፈሩ ዓመታት የደከመበት ነገር አንባቢው እጅ አልደረሰም ማለት ነው።

ምረቃው ላይ ብቻ ማተኮር ጉዳት አለው የምንለው በከንቱ አይደለም። የተለመደው አካሄድ አዳራሽ ተይዞ፣ የጥሪ ካርድ ተበትኖ፣ ፋይሉ ከዚያ በኋላ ማተሚያ ቤት መግባቱ ነው። ቀኑ ስለተቆረጠ መጀመሪያ የሚሰዋው ቀለሙ የሚደርቅበት ጊዜ ነው። ማት (የማያብለጨልጭ ቅብ ያለው) ወረቀት ላይ ያረፈ ቀለም ቀስ ብሎ ነው የሚደርቀው፤ ጥቁር የበዛበት ሉክ (ሳይቆረጥ የሚታተመው ትልቁ ወረቀት) ከመታጠፉ በፊት ከ24 እስከ 48 ሰዓት መቆየት አለበት። ሳይቆይ ታጥፎ ሲጨመቅ የአንዱ ገጽ ቀለም ፊት ለፊቱ ባለው ገጽ ላይ ይጋባል። ምረቃ ላይ የተገዛ መጽሐፍ ቤት ገብቶ ሲገለጥ በነጩ ገጽ ላይ የጎረቤቱ ፎቶ ጥላ አርፎ ከታየ ምክንያቱ ይኸው ነው። ከማሽኑ የመጨረሻ ሥራ እስከ ምረቃው ቢያንስ ሦስት ሳምንት መተው ያስፈልጋል። ማድረቁ፣ ማጠፉ፣ መስፋቱ፣ ሽፋን ማልበሱና የተበላሸውን መለየቱ ከዚያ ባነሰ ጊዜ በወጉ አይሠራም።

የመጽሐፉ መጠን ሌላው ጣጣ ነው። ብዙ ፎቶግራፈር መጠኑን በምኞቱ ይወስንና ዋጋ ሲነገረው ይደነግጣል። ማተሚያ ቤቱ የሚያትመው 70 በ100 ሴንቲ ሜትር በሆነ ሉክ ላይ ከሆነ፣ 23 በ29 የሆነ ቋሚ መጽሐፍ በአንድ ፊት 8፣ በሁለቱ ፊት 16 ገጽ ይይዛል፤ በየዳሩ ለሚቆረጠው 3 ሚሊ ሜትርም ሆነ ማሽኑ ወረቀቱን ለሚጨብጥበት ጠርዝ ቦታ ይተርፋል። 30 በ30 የሆነ አራት ማዕዘን መጽሐፍ ግን ለማጠፍ እንዲመች በአንድ ፊት 4 ገጽ ብቻ ይሰለፋል፤ ከሉኩ ግማሽ የሚጠጋው ተቆርጦ ይጣላል። ወረቀት በውጭ ምንዛሪ በሚገባበት አገር ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም። 23 በ29 የሆነ ባለ 128 ገጽ መጽሐፍ በ1,000 ቅጂ 8,000 ሉክ ይበላል፤ ማሽን እስኪስተካከል የሚባክነው ሲጨመር ወደ 8,600 ይደርሳል። በአራት ቀለም (ሳያን የሚባለው ሰማያዊ፣ ማጀንታ የሚባለው ሐምራዊ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር) ከሆነ፣ በሉኩ በእያንዳንዱ ፊት ለየቀለሙ አንድ ፕሌት (የማተሚያ ሰሌዳ) ስለሚያስፈልግ 64 ፕሌት ይፈልጋል። 130 ገጽ ቢሆን ግን ለሁለት ገጽ ሲባል ሌላ ሉክና ሌላ ፕሌት ይጨመራል። ስለዚህ የገጹ ብዛት በ16 የሚካፈል እንዲሆን ፎቶ መቀነስን የመሰለ ቁጠባ የለም።

ውል ሲፈረም የወረቀቱ ዓይነትና ክብደት ይጻፍ፤ ሲደርስም ይመዘን። 70 በ100 የሆነ ባለ 150 ግራም ሉክ 105 ግራም ይመዝናል፣ ባለ 135ቱ ደግሞ 94 ግራም ተኩል። አሥር ሉክ ጠቅልሎ የሱቅ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ብቻ ነው፤ 1,050 መሆን የነበረበት 945 ካለ ወረቀቱ ተቀይሯል። መቀየሩ ራሱ ኃጢአት አይደለም፣ ገበያ ላይ ሊጠፋ ይችላል፤ ሳይነገር መቀየሩ ግን ከኋላ ያለው ፎቶ ወደ ፊት እንዲያሳልፍ ያደርጋል። የወረቀቱ ቃጫ የተሰለፈበትንም አቅጣጫ ማየት ይገባል። ከላይ በጠቀስነው አሰላለፍ ቃጫው ከ70ው ጎን ጋር ትይዩ መሆን አለበት፤ ያኔ ከመጽሐፉ ጀርባ ጋር ትይዩ ይሆናል። ወረቀቱን በሁለቱም አቅጣጫ እጥፍ አድርጉት፤ ከቃጫው ጋር የታጠፈው ልስልስ ያለ መስመር ይሰጣል፣ በተቃራኒው የታጠፈው ይሰነጠቃል። ቃጫው የተሳሳተበት መጽሐፍ ገጹ አልተኛ እያለ ያስቸግራል፣ ጀርባው አካባቢም ይሞገዳል።

ከሁሉም የሚያንገበግበን የሰው ፊት ነው። ስክሪን ከጀርባው ብርሃን አለው፣ ወረቀት የራሱ ብርሃን የለውም። በዚያ ላይ ፎቶው የሚታተምባቸው ጥቃቅን የቀለም ነጥቦች ወረቀት ላይ ሲያርፉ ይሰፋሉ፤ ፋይሉ ላይ 50 በመቶ የነበረው ቀለም በጥሩ ማት ወረቀት ላይ ወደ 65 ይጠጋል፣ ባልተቀባ ወረቀት ላይ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ብርሃኑ ከፍ ባለ ስክሪን ላይ የተሠራ የጠይም ሰው ፎቶ ሲታተም የዓይኑ ጉድጓድ፣ ከአገጩ ሥር ያለው ጥላና የጸጉሩ መነሻ ተደፍነው አንድ ጥቁር ነገር ይሆናሉ። የስክሪኑን ብርሃን በካሬ ሜትር ከ80 እስከ 120 ካንዴላ (የብርሃን መለኪያ) ወደሚሆን ደረጃ ዝቅ አድርጎ መሥራት፣ ጥላውንም ፈካ ማድረግ ግድ ነው። ፋይሉ ወደ ሲኤምዋይኬ፣ ማለትም ወደ አራቱ የህትመት ቀለሞች ሲቀየር ደግሞ ፊቱ ላይ ያለውን የየቀለሙን መቶኛ ማንበብ ይገባል። ለጠይም ፊት ቢጫው ከማጀንታው እኩል ወይም በትንሹ የበለጠ፣ ሳያኑ ደግሞ ከማጀንታው በግልጽ ያነሰ መሆን አለበት። ለምሳሌ ሳያን 45፣ ማጀንታ 60፣ ቢጫ 66፣ ጥቁር 25 ጥሩ መነሻ ነው። ማጀንታው ካየለ ፊቱ በርበሬ የተነሰነሰበት ይመስላል፤ ሳያኑ ካየለ አመድ ይለብሳል፣ የታመመ ሰው ይሆናል። በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ያው ሰው በገጽ 20 ቀልቶ በገጽ 37 አመድ መስሎ ከታየ ስህተቱ የካሜራው አይደለም፤ ሉኮቹ በተለያየ ቀን ታትመው የሚያመሳክር አልነበረም ማለት ነው።

ነጠላም እንደ ፊት ሁሉ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የጥምቀት ፎቶ እንውሰድ፦ ከቀትር በፊት ባለው ፀሐይ ነጭ ነጠላ የለበሱ ሰዎች፣ ከበላያቸው በወርቅ ዘቦ የተጌጠ ድባብ። ከ3 በመቶ በታች የሆነ ነጥብ ብዙ ጊዜ ወረቀት ላይ አይያዝም። ፋይሉ ላይ የነጠላው ነጭ ዜሮ ከሆነ የሚታየው ባዶ ወረቀት ነው፤ እጥፋቱና የፈትሉ ሸካራነት ይጠፋል፣ ገጹ ነጭ ከሆነም የትከሻው ጠርዝ ከገጹ ጋር ይቀላቀላል። በጣም የበራው ቦታ ላይ 4 ወይም 5 በመቶ መተው ነጠላውን ያድነዋል። የድባቡ ደማቅ ሰማያዊ ደግሞ ሳይታሰብ ወይን ጠጅ ይሆናል። ያን ለመከላከል ማጀንታው ከሳያኑ ቢያንስ በ30 ያነሰ ይሁን። በሻማ ብርሃን የተነሳ የላሊበላ ውስጠኛ ክፍል ከሆነ የአራቱ ቀለም ድምር ይታይ፤ በማት ወረቀት ከ320 በመቶ፣ ባልተቀባ ወረቀት ከ280 በመቶ እንዳይበልጥ። ካለፈ ጥቁሩ ይበልጥ አይጠቁርም፤ ትርፉ አለመድረቅ ብቻ ነው።

ጥቁርና ነጭ ፎቶን በአራት ቀለም ማተም የተለመደ ስህተት ነው። ከአራቱ አንዱ ትንሽ ሲያጋድል አንዱ ገጽ አረንጓዴ፣ ቀጣዩ ሐምራዊ ይመስላል። በጥቁርና በግራጫ፣ በሁለት ቀለም ብቻ ማተም ጥላውን ያበለጽጋል፤ ከላይ ላልነው መጽሐፍም ፕሌቱ ከ64 ወደ 32 ይወርዳል። ከቤተሰብ አልበም የሚሰበሰቡ ፎቶዎች ላይ ይህ በተለይ ይጠቅማል። 9 በ13 ሴንቲ ሜትር የሆነ የፎቶ ቤት ህትመት በ600 ፒክስል በኢንች ሲቃኝ እስከ 18 በ26 ድረስ በጥራት ይታተማል፤ ከዚያ በላይ መወጠር ግን ያረጀውን ወረቀት እንጂ ሰውየውን አያሳይም። ሸካራ ፊት ባለው ወረቀት የታጠበ ከሆነ በስካነር የሚያንጸባርቁ ነጠብጣቦች ይፈጠራሉ፤ ከግራና ከቀኝ በ45 ዲግሪ ብርሃን አብርቶ በካሜራ ማንሳት ይሻላል።

ፕሩፍን (ከዋናው ህትመት በፊት የሚወጣውን የሙከራ ህትመት) በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ እንበል። በሌላ ወረቀት ላይ የወጣ ፕሩፍ ፕሩፍ አይደለም። መጽሐፉ በሚታተምበት ወረቀት ላይ ፊት፣ ነጠላ፣ ጨለማና ሰማይ ያለባቸው አራት ፎቶዎች ይውጡ፤ በ5000 ኬልቪን (የቀን ብርሃን በሚመስል) መብራት ሥር ይታዩ፤ ይፈረምባቸው። ማሽኑ ሲነሳ ፎቶግራፈሩ አጠገቡ ይቁም፣ የፈረመበት ሉክም ለቀጣዮቹ መለኪያ ሆኖ ይቀመጥ።

ጥራዝ ላይ ስንመጣ፣ በሙጫ ብቻ የተያያዘ የማት ወረቀት መጽሐፍ ጥቂት ጊዜ ተገልጦ መሃሉ ይላቀቃል፤ ሙጫው የሚይዘው የተቀባውን ገጽታ እንጂ ቃጫውን ስላልሆነ። በክር የተሰፋው ይዘልቃል፣ ተዘርግቶም ይተኛል። አንባቢ መጽሐፉን አቁሞ ጀርባውን ከላይ በኩል ቢያይ የታጠፉ ጥቅሎች ከታዩት፣ እየገለጠም መሃላቸው ላይ ክር ካገኘ የተሰፋ ነው። በሙጫ የሚያያዝ ከሆነ በሁለት ገጽ የተዘረጋ ፎቶ መሃል ላይ ፊት አይቀመጥ። በየገጹ ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር እጥፋቱ ይውጠዋል፣ አፍንጫ የሌለው ሰውም ይወጣል።

መግለጫውን ጋዜጠኛ በቀላሉ ሊመረምረው ይችል ነበር፤ ግን አይመረመርም። ከፎቶ ሥር «1967» ብሎ ዓ.ም. ይሁን እ.ኤ.አ. አለመለየት በታሪክ ፎቶ ላይ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያሳስታል። ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን የወረዱት መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ መስከረም 12 ቀን 1974። በዚያው የፈረንጆች ዓመት የካቲት የተነሳ የአብዮት ፎቶ ግን በእኛ 1966 ነው። ወር ሳይታወቅ «1974»ን ወደ አንድ ቁጥር መተርጎም ግምት ነው፣ ግምት መሆኑም መጻፍ አለበት። ሪቻርድ ፓንክረስትና ዴኒስ ጄራርድ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት የኢትዮጵያ ታሪካዊ ፎቶዎች መጽሐፍ እ.ኤ.አ. ከ1867 እስከ 1935 ያለውን ዘመን ሲሸፍኑ ፎቶዎቹ ለታሪክ ማስረጃ የሆኑት በዘመንና በቦታ በመለየታቸው ነው። በሕግም ቀኑ ይቆጠራል። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ዓ.ም. የፎቶግራፍን ኢኮኖሚያዊ መብት የሚጠብቀው ፎቶው ከተሠራበት ጊዜ ጀምሮ ለ25 ዓመት ነው፤ ደራሲ ግን ዕድሜውን ሙሉና ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ይጠበቅለታል። አሁን መጽሐፍ የሚያሳትም ፎቶግራፈር የሥራውን ቀን በወጉ ካልያዘ የመብቱን መነሻና መድረሻ ማስረዳት ይቸግረዋል።

የግዕዝ ፊደልም ይታሰብ። መግለጫው በጥቁር ቀለም ብቻ ይታተም። በአራት ቀለም የተሠራ ትንሽ ጽሑፍ ፕሌቱ በጸጉር ያህል ቢዛነፍ ባለ ጥላ ይሆናል። በጥቁር መደብ ላይ ነጭ ፊደል ካስፈለገ መጠኑ ከ9 ነጥብ (ፖይንት) አይነስ፤ የ«ጨ»ና የ«ጬ» ቀጭን ጭረቶች በቀለም ይሞላሉ፣ አንዱን ከሌላው መለየትም ያቅታል።

ከእናንተ የምንጠይቀው ይህ ነው። ቀጣዩ የፎቶ መጽሐፍ ዝግጅት ክፍላችሁ ሲደርስ ዘጋቢው መሃሉን ገልጦ፣ ሁለት የተራራቁ ገጾች ላይ አንድ ሰው ፈልጎ ፊቱን ያወዳድር። ጥራዙ ተሰፍቶ እንደሆነ ይይ፤ ሦስት መግለጫዎች መርጦ ዓመታቸውን ያረጋግጥ። ከዚያ ያየውን መልካሙንም ጉድለቱንም ይጻፍ፤ የአታሚውን፣ የዲዛይነሩንና ፎቶውን ለህትመት ያዘጋጀውን ባለሙያ ስም ጭምር። በደንብ የታተመ መጽሐፍ በጋዜጣ በስሙ ከተመሰገነ ቀጣዩ ፎቶግራፈር ማተሚያ ቤት ገብቶ «እንደዚያኛው ይሁንልኝ» ይላል፤ አታሚውም ምን ማለቱ እንደሆነ ያውቃል። ለዘጋቢዎቻችሁ በጥሩና በመጥፎ የታተሙ ሉኮችን፣ የተሰፋና የተለጠፈ ጥራዝንም ጎን ለጎን ለማሳየት ዝግጁ ነን።

ከአክብሮት ጋር፣
በህትመትና በጥራዝ ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች
አዲስ አበባ