ዳክዬን አናሳድደው፣ እንጥራው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በበጋ ወራት ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ ዳክዬዎች በጣና ደቡባዊ ዳርቻ፣ በኢንፍራንዝና በጭምባ ረግረግ ሲሰፍሩ፣ ጎብኚ የጫኑ የሞተር ጀልባዎች ጥግ ድረስ ገብተው መንጋውን ያስነሡታል። ጎብኚው የሚያየው ሲሸሹ ብቻ ነው፤ ያን ሁሉ መንገድ በርሮ የመጣው ወፍም ሳይበላ ይውላል። በእኛ ዘንድ ዳክዬ አድኖ የሚበላ እምብዛም የለም። የውጭ አዳኞች ወፉን የሚጠሩበት ዘዴ ግን ለካሜራም ያገለግላል፤ የዳክዬ ቅርጽ ያለው ተንሳፋፊ ምስል ውሃ ላይ ማሳረፍ ነው።

ምስሉ ከደንገል ይሠራል፤ ታንኳ የሚያስር እጅ ለዚህ አያንስም። ጥቀርሻ ይበቃዋል፤ የሚያብለጨልጭ ቀለም ወፉን ያርቃል። ድንጋይ የሚታሰርበት ሲባጎ ከውሃው ጥልቀት በግማሽ ይርዘም፤ ካጠረ ማዕበል ድንጋዩን እያነሣ ምስሉን ይወስደዋል።

አሥር ያህል ይበቃል። በመካከላቸው 2 ሜትር ይተው፤ ዳክዬ ተጠጋግቶ የሚታየው ሲደነግጥ ነው። አደራደሩ እንደ ፈረስ ኮቴ ሆኖ አፉ ነፋሱ ወደሚሄድበት ይክፈት፤ ወፍ የሚያርፈው ነፋስን ፊት ለፊት ተቀብሎ ነውና። ማለዳ ነፋሱ ከየብስ ወደ ሐይቁ ስለሚነፍስ፣ ዳር ፊላ ውስጥ ለተደበቀ ሰው ወፎቹ ፊታቸውን ወደ እሱ አዙረው ይመጡለታል። ረፋዱ ላይ ነፋሱ ሲገለበጥ ግን በአናቱ ላይ አልፈው ስለሚመጡ ያዩታል፤ ያኔ ቦታ መቀየር ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ነፋስ የሌለበት ማለዳ ነው። ውሃው ሲረጋ ምስሎቹም ደርቀው ይቆማሉ፤ ወፉ ሁለቴ ዞሮ ይሄዳል። መድኃኒቱ ገመድ ነው። ከብስክሌት የውስጥ ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ አንዱ ጫፍ ከውሃው ግርጌ ከተተከለ ችካል ይታሰር፤ በሌላው ጫፍ ረጅም ጥቁር ገመድ ተቀጥሎ ሦስት ምስሎች ይታሰሩበትና እስከ መደበቂያው ይዘርጋ። ገመዱ ተስቦ ሲለቀቅ ላስቲኩ ይመልሰዋል፤ ምስሎቹ ሲነቃነቁ የሚነሣው ሞገድ ሌሎቹንም ያወዛውዛል። የሚሳበው ወፎቹ ሩቅ ሳሉ ወይም ጀርባ ሲሰጡ ነው። ክንፋቸውን ዘርግተው መውረድ ሲጀምሩ እጅ ይቁም፤ ከዚያ በኋላ የሚሳብ ገመድ ዓይናቸውን ወደ ሰውየው ይመራል።

ምስሉ በታንኳ ይቀመጥ እንጂ ቢልሃርዚያ ባለበት ውሃ በእግር አይገባ። ሲነሣም ሲባጎው በሙሉ ይሰብሰብ፤ የቀረ ክር የወፍ እግር ይተበትባል።

ከባሕር ዳር የወፍ አስጎብኚዎች