ቦሎቄውን ለብቻው ቀቅለው

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

እንዴት ነህ? ሆድህ ተሻለህ? እህትህ እኩለ ሌሊት ላይ ደውላ አንተና ጓደኞችህ የሠራኸውን ቦሎቄ በልታችሁ መታመማችሁን ስትነግረን እናትህ ስልኩን እንደያዘች ሶፋው ላይ ቁጭ አለች። እስኪነጋ አልተነሳችም። አንተ ደግሞ ጠዋት «ምንም አይደለም፣ ትንሽ ሆዴን አሞኝ ነው» ብለህ ጻፍክ። ጉሉኮስ ተተክሎለት ያደረ ሰው «ትንሽ አሞኝ ነው» አይልም አቡሽዬ። ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር ከእህትህ እንዳንሰማ። ከራስህ አፍ እንስማ።

ስልክ ላይ ማውራት እንደማይሆንልኝ ታውቃለህ። ስለዚህ ጻፍኩልህ።

መጀመሪያ ዋናውን ልንገርህ። ደረቅ ቀይ ቦሎቄ ስሎው ኩከር ውስጥ፣ ያ በኤሌክትሪክ ቀስ ብሎ የሚያበስለው ድስት ውስጥ፣ በጥሬው አይጨመርም። በጭራሽ። ለብቻው ተቀቅሎ ነው የሚገባው። ጥሬ ቀይ ቦሎቄ በተፈጥሮው መርዝ አለው። መርዙ የሚጠፋው ሲፈላ ነው። ያ ዕቃ ደግሞ ቀስ ብሎ ነው የሚያሞቀው፤ ፈልቶ የሚንተከተክበት ደረጃ ላይደርስ ይችላል። 80 ዲግሪ አካባቢ ላይ ከቆየማ ከጥሬውም እስከ አምስት እጥፍ ሊብስ ይችላል ይላሉ። አራት አምስት ፍሬ ሰው ለማሳመም ይበቃል። ከበሉት በኋላ ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ ማስመለስ ይጀምራል። ልክ አንተና ጓደኞችህ እንደሆናችሁት። ስምንት ሰዓት ሙሉ ቆይቶ ለስልሶ ብታየው አትመነው።

ይህን እህትህ አንብባ ነው የነገረችኝ። አያትህ ግን ሳታነብ ታውቀው ነበር። ቦሎቄ ዘፍዝፋ ታሳድራለች፣ ጠዋት ውሃውን ትደፋለች፣ በአዲስ ውሃ ታንተከትከዋለች። ንፍሮው ሳይበስል እጃችንን ብንሰድ በጭልፋው እጃችንን ትመታን ነበር። ለምን እንደሆነ ጠይቀናት አናውቅም።

ዕቃውን ለልደትህ የላክንልህ እኛ ነን። ይህ ነገር ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ከውስጤ አልወጣም።

ከዚህ የባሰ ደግሞ አለ። ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ቺሊ ስለሚባለው የሥጋና የበርበሬ ወጥ፣ «አባ፣ ቺሊ ላይ ቦሎቄ ይገባል?» ብለህ ጽፈህልኝ ነበር። እኔ ምን አልኩህ? «ቴክሳስ፣ ጋርላንድ ያደገ ልጅ ይህን አይጠይቅም።» በቃ። አሠራሩን አልነገርኩህም። ቀቅለው አላልኩህም። ልጅ አባቱን ጠይቆ እንዲህ ሲመለስለት፣ እንደመሰለው ይሠራል። አንተም ያደረግከው ይህንኑ ነው።

ለምን እንዲያ እንዳልኩህ ልንገርህ። እናትህ ታውቀዋለች። አንተ ያኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርክ፤ የምታስታውስ አይመስለኝም።

እንደ ፈረንጆቹ በ1996 ዳላስ ስገባ መጀመሪያ ያገኘሁት ሥራ ሬስቶራንት ውስጥ ሳህን ማጠብ ነው። እዚያ ከምዕራብ ቴክሳስ የመጡ ሽማግሌ ምግብ አብሳይ ነበሩ። ቋንቋ ሳይኖረኝ በምልክት እያሳዩ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ከቺሊ ጀመሩ። «ሥጋና በርበሬ ነው፤ ቦሎቄ ከጎኑ እንጂ ውስጡ አይገባም» ይሉኝ ነበር። የቴክሳስ ምክር ቤት በ1977 ቺሊን የግዛቲቱ ምግብ ብሎ እንዳወጀው የሰማሁት ከእሳቸው ነው። በ1967 ቴርሊንጓ በረሃ ውስጥ፣ ሰው ጥሏት በሄደች የማዕድን ከተማ፣ ዊክ ፎውለር የሚባል የቴክሳስ ጋዜጠኛና ኤች አለን ስሚዝ የሚባል የኒውዮርክ ጸሐፊ በቺሊ እንደተወዳደሩም ነግረውኛል። ሦስተኛው ዳኛ ምላሴ ተቃጠለ ብሎ ውድድሩ እኩል ለእኩል አለቀ። እዚያ እስከ ዛሬ በየዓመቱ ኖቬምበር መግቢያ ላይ ይወዳደራሉ። ቦሎቄ የጨመረ ከውድድሩ ይወጣል።

ይህን ሁሉ እንደ ዳዊት ደገምኩት። የዚህ አገር ሰው ለመሆን የያዝኩት ነገር ይህ ብቻ ነበር። እንግሊዝኛዬ የተሰባበረ፣ ኪሴ ባዶ፤ ቺሊ ላይ ግን ማንም አይረታኝም።

2006 ላይ ነው። እሑድ ነበር፤ የዳላሱ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን፣ የካውቦይስ ጨዋታ ነበረ። ሦስት የሥራ ጓደኞቼንና ሽማግሌውን ቤት ጠራኋቸው። እናትህ ሌሊቱን የአረጋውያን መጦሪያው ውስጥ ሠርታ ነው የገባችው። ሳትተኛ ቺሊ ሠራች። ሥጋው አንድ ፓውንድ ተኩል ብቻ ነበር። ለሰባት ሰው። ስለዚህ እንዲበረክትላት ቀይ ቦሎቄ ጨመረችበት። እኔ ክዳኑን ከፍቼ አየሁና በሰው ፊት «ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ይህ ቺሊ አይደለም፤ የአገራችን ንፍሮ ነው» አልኩ። በእንግሊዝኛ። እንድትሰማው።

ጓደኞቼ ሳቁ። እሷም ሳቀች። ሽማግሌው አልሳቁም። ሁለት ሳህን በሉና አመስግነዋት ሄዱ። ሰኞ ሥራ ቦታ አላናገሩኝም። ማክሰኞም እንደዚያው።

እናትህ ከዚያ ቀን ወዲህ ቺሊ ሠርታ አታውቅም። በጾምም ቢሆን፣ ረቡዕና ዓርብ ያለ ሥጋ በቦሎቄ ብቻ የምትሠራውን፣ አንተ «ቀዩ ሾርባ» የምትለውን፣ እሱንም ተወችው። አንተ ትንሽ ጊዜ ጠየቅክ። ከዚያ ረሳኸው። እኔ ይቅርታ ሳልጠይቅ ዓመታት ሄዱ። ስለ ድስት ምን ይቅርታ ይጠየቃል እያልኩ ነው ያለፍኩት።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ውሃ እየጠጣህ ነው? ሙዝና ሩዝ ብላ። ወተት ለጊዜው ተው። ጓደኞችህን ደግሞ ሄደህ እያቸው፤ ደውለህ ብቻ እንዳትቀር። አንተ ቤት በልተው ነው የታመሙት።

ሳን አንቶኒዮ የወሰድኳችሁ ጊዜ ትዝ ይልሃል? ገበያው አጠገብ ቆመን «እዚህ ሴቶች ማታ ማታ ቺሊ ይሸጡ ነበር» ብዬህ ነበር። የቺሊ ንግሥቶች ይሏቸው ነበር። ቤታቸው ሠርተው በጋሪ አምጥተው፣ በፋኖስ ብርሃን አደባባይ ላይ ይሸጣሉ። ብዙዎቹ የሜክሲኮ ዘር ያላቸው ናቸው። በ1930ዎቹ መጨረሻ የከተማው የጤና ደንብ ከአደባባዩ አስወጣቸው። እኔ ያን ቀን ስለ በርበሬው ስፎክርላችሁ ዋልኩ። ያን ምግብ አደባባይ ያወጡት ልጆቻቸውን ለማሳደግ የሚሠሩ ሴቶች እንደሆኑ አፌ እየተናገረ ልቤ አልሰማም። እናትህ አጠገቤ ቆማ ነበር።

አንተ ያለህበትን የሲንሲናቲውን ቺሊ ደግሞ ፓስታ ላይ ያፈሱታል ስትለኝ ስልኩ ላይ አጣጥዬብህ ነበር። ኋላ ሳነብ፣ በ1922 እዚያ የጀመሩት ከመቄዶንያ የመጡ ስደተኛ ወንድማማቾች ናቸው። ቀረፋውንም ከአገራቸው ቅመም ነው ያመጡት። ቦሎቄ የፈለገ አስጨምሮ ያዛል፣ ያልፈለገ ይተወዋል። ያጣጣልኩትን አንስቻለሁ።

አሁን አሠራሩ። በቴክሳሱ መንገድ ከሆነ ሦስት ፓውንድ የበሬ ትከሻ ሥጋ ግዛ፤ ቸክ በላቸው። አታስፈጨው፣ ራስህ በትንንሹ ቁረጠው። አንቾና ዋሂዮ የሚባለውን የሜክሲኮ ዛላ በርበሬ ከሜክሲኮ ሱቅ ታገኛለህ። ፍሬውን አራግፈህ ምጣድ ላይ አመስ አድርገው። ካረረ ይመራል፣ አይንህ ከሱ አይነሳ። ሙቅ ውሃ ውስጥ ሃያ ደቂቃ አቆይተህ ፍጨው፤ ልክ እንደ ድልህ ይሆንልሃል። ሥጋውን በየተራ ጥበሰው፤ ሁሉን በአንዴ ካፈሰስከው ውሃ ያወጣና ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ከሙን፣ ከዚያ ድልሁ። እሳቱን ቀንሰህ ሁለት ሰዓት ተኩል ተወው። መጨረሻ ላይ ማሳ የሚሉትን የበቆሎ ዱቄት ሁለት ማንኪያ በጥብጠህ ጨምር፣ ይወፍራል። የእኛን ምጥን በርበሬ አታብዛበት። ኮረሪማው ከሙኑን ይውጠዋል።

ቦሎቄ ካማረህ ጨምርበት። የሚከለክልህ የለም፤ እኔም አልከለክልህም። ግን ለብቻው ቀቅለው። ቢያንስ አምስት ሰዓት ዘፍዝፈው፤ ማታ ብታሳድረው ይሻላል። የተነከረበትን ውሃ ድፋው። በአዲስ ውሃ ከፈላ በኋላ 30 ደቂቃ ይንተክተክ። ሰዓት ያዝ። ጊዜ ከሌለህ የቆርቆሮውን ግዛ፤ እሱ በስሎ ነው የሚታሸገው። አጥበህ ትጨምረዋለህ። ስሎው ኩከሩንም አትጣለው፤ የበሰለ ቦሎቄ ይገባበታል፣ ጥሬ ግን አይገባበትም።

ትናንት ማታ እናትህን የእሷን አሠራር ጠየቅኳት። ለአንተ ልጽፍልህ ነው አልኳት። «ረስቼዋለሁ» አለችኝ። ለምን እንደረሳችው እኔ ነኝ የማውቀው አልኩ። ያን እሑድ አነሳሁባት። ዝም ብላ ልብስ ማጠፏን ቀጠለች። እኔም ዝም አልኩ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ልብሱን አስቀመጠችና በጣቷ መቁጠር ጀመረች። ወረቀት ፈልጌ እስክመጣ አልጠበቀችኝም። የያዝኩትን ያህል ይኸው፦

ሽንኩርቱን ያለ ዘይት አቁላላው፤ ብዙ ሽንኩርት ነው። ዘይት ኋላ ነው። አንድ ማንኪያ የእኛ በርበሬ፣ ሁለት ማንኪያ የሱቁ የቺሊ ዱቄት። የተፈጨ ሥጋ ይሆናል፣ ባይኖርም ይሆናል። ቲማቲም አንድ ቆርቆሮ። ከሙን በሦስት ጣት። ቦሎቄው መጨረሻ ላይ ነው የሚገባው፣ ተቀቅሎ። ከመቀቀያው ውሃ አንድ ጭልፋ አስቀርተህ ጨምርበት፤ እሱ ነው የሚያወፍረው። «ጨው ቦሎቄው ከበሰለ በኋላ በለው» አለችኝ። በየመሀሉ «ሰላሳ ደቂቃ በለው፣ ጻፍከው?» ትለኛለች። ጽፌዋለሁ።

በርበሬውን ዛሬ በፖስታ ልከንልሃል። ሲደርስህ ከፌስታሉ አውጥተህ ማሰሮ ውስጥ ክደነውና ፍሪዘር ውስጥ አስገባው። እሑድ ለእናትህ ደውልላት። ለእኔ አይደለም፣ ለእሷ።

አባትህ