ይድረስ ለባህልና ስፖርት ሚኒስቴር፦ የኔርሲስ ናልባንዲያን ኖታዎች ለኳየሮቻችን ይድረሱ

ለተከበራችሁ የሚኒስቴሩ ኃላፊዎች፣

የተማሪዎች ኳየር የማሠለጥን መምህር ነኝ። የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። የሙዚቃ አቀናባሪና መምህር የነበሩት ኔርሲስ ናልባንዲያን በእጃቸው የጻፏቸው ኖታዎች ካሉበት ይሰብሰቡ፣ ይመዝገቡ፣ ተባዝተውም መዝፈንና መዘመር ለሚፈልግ ሁሉ ይድረሱ።

ናልባንዲያን ሲባል ብዙ ሰው የሚያስታውሰው አጎታቸውን ኬቮርክን ነው። ያም ትክክል ነው። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም አርባ ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች ወደ አዲስ አበባ አስመጡ። እኛ "አርባ ልጆች" የምንላቸው የማርሽ ሙዚቀኞች እነሱ ናቸው። የሙዚቃ መሪያቸው ኬቮርክ ነበሩ። እስከ አብዮቱ ድረስ የቆየው ብሔራዊ መዝሙር ዜማው የእሳቸው፣ ግጥሙ የዮፍታሔ ንጉሤ ነው።

የኔርሲስ ሥራ ግን ከመዝሙርና ከማርሽ ያለፈ ነበር። የተወለዱት በ1907 ዓ.ም. አይንታብ፣ በዛሬዋ የቱርክ ከተማ ጋዚያንቴፕ ነው። ዘመኑ ለአርመኖች የእልቂትና የስደት ዘመን ስለነበር ቤተሰቡ ወደ ሶርያ፣ ወደ አሌፖ ሄደ። ኔርሲስ በጣልያን ወረራ ዘመን አዲስ አበባ ደረሱ። ከዚያ ወዲያ ዕድሜያቸው ያለቀው እዚሁ በሥራ ላይ ነው። ከማዘጋጃ ቤት ባንድ ጋር ሠሩ፣ ከፖሊስ ኦርኬስትራ ጋር ሠሩ። በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ማለትም በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ሙዚቃ አቀነባበሩ፣ ሙዚቀኞችንም መሩ። አሸናፊ ከበደ የመጀመሪያው ዳይሬክተር በሆኑበት በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትም አስተማሩ። ኳየር ያሠለጥናሉ፣ ዜማ ይደርሳሉ፣ ያቀናብራሉ። ከዚህ ሁሉ በላይ መምህር ነበሩ።

ይህ ለእኔ ለምን ይህን ያህል አሳሳቢ እንደሆነ ላስረዳ። ትንሽ ታገሡኝ።

የእኛ አገር የቡድን ዜማ በአብዛኛው በአንድ ድምፅ የሚሄድ ነው። በቤተ ክርስቲያን ካህናቱ አንዱን ዜማ አብረው ያነሡታል። በሠርግና በበዓል ደግሞ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። ከቀጭኑ ድምፅ እስከ ወፍራሙ በሶፕራኖ፣ በአልቶ፣ በቴነርና በባስ ተከፍሎ መዝፈን ከውጭ የመጣ ነው። ይምጣ፣ ችግር የለውም። ችግሩ የሚጀምረው በአራት ድምፅ የምናዘፍነው የራሳችንን ቅኝት፣ ማለትም ዜማው የሚሠራበትን የድምፆች ስብስብ፣ ሲሆን ነው።

ትዝታን እንውሰድ። ሜጀሩ ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ፋ የለም፣ ሲ የለም። በየመማሪያ መጽሐፉ መጀመሪያ ላይ የምናገኛቸው የአውሮፓ ዋና ዋና ኮርዶች፣ ማለትም አንድ ላይ የሚሰሙ ድምፆች፣ ግን ሦስት ናቸው፦ ዶ-ሚ-ሶል፣ ፋ-ላ-ዶ፣ ሶል-ሲ-ሬ። ከሦስቱ ለትዝታ ያለ ጭማሪ የሚሆነው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ሌሎቹን በግድ ስታስገቡ ዜማው ይቀየራል። ልጆቹ ራሳቸው "ቲቸር፣ ትዝታ ትዝታ አልል አለ" ይላሉ። እውነታቸውን ነው። አንቺሆዬ የሚባለው ቅኝት ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ከድምፆቹ አንዳንዶቹ እርስ በርስ በጣም ስለሚቀራረቡ አንዱን በአንዱ ላይ ለመደረብ ትልቅ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

ታዲያ ቅኝቱን ሳይገድሉ እንዴት ይቀነባበራል? የትኛው ድምፅ ዝም ይበል? የትኛው አንድ ቦታ ላይ ቆሞ ይጠብቅ? ባሱ የት ይውረድ? ኔርሲስ በዚህ ጥያቄ ላይ ከደከሙት ቀዳሚዎቹ አንዱ ናቸው። መልሳቸውን የጻፉት በወረቀት ላይ፣ በኖታ ነው። ያን ወረቀት ያላየ ወጣት አቀናባሪ ሁሉንም ከሀ ብሎ ይጀምራል። እኔም ተማሪዎቼም ዛሬ የምናደርገው ይህንኑ ነው።

የዘመኑ ድምፃውያን ሥራ በሸክላ ተቀድቷል። ብዙው ከ1990ዎቹ ወዲህ በኢትዮፒክስ ተከታታይ ሲዲዎች እንደገና ታትሞ በዓለም ዙሪያ ተሰምቷል። ደስ ይላል። ኳየር ግን ሌላ ነው። ለገበያ ስለማይቀዳ ሕይወቱ በኖታው ላይ ነው። ወረቀቱ ምስጥ ከበላው ወይም አንድ ክፍል ሲጸዳ አብሮ ከተጣለ ሥራው አለቀ። መልሶ የሚሰማበት መንገድ የለም።

ስለዚህ ሚኒስቴሩ ብሔራዊ ቴአትርን፣ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርን፣ ፖሊስንና የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትን አንድ ላይ ይጥራ። እያንዳንዱ በእጁ ያለውን ኖታ ይዘርዝር። ዝርዝሩ ለሕዝብ ይውጣ። ዋናው ቅጂ በቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት በክብር ይቀመጥ፣ ስካን የተደረገው ደግሞ በነፃ ይለቀቅ። የቤተሰቡም መብትና ፈቃድ ከመጀመሪያው ይከበር። ይህ ጉዳይ ለኋላ የሚባል አይደለም።

ከተሰበሰበው ውስጥ ለልጆች ድምፅ የሚመቹት ተመርጠው በትንሽ መጽሐፍ ይታተሙ። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ለአንደኛና ለመካከለኛ ደረጃ የክወናና እይታ ጥበባት ትምህርት አስገብቷል። መምህሩ ክፍል ሲገባ ግን በእጁ የሚይዘው የአገር ኳየር ኖታ ያስፈልገዋል። ከትምህርት ሚኒስቴር ጋር ብትነጋገሩበት ሥራው የሁለታችሁም ይሆናል።

ሕንፃ ይሠራ፣ ሐውልት ይቁም አላልኩም። የምጠይቀው ስካነር፣ ኖታ ማንበብ የሚችሉ ጥቂት ባለሙያዎችና የአንድ ኃላፊ ፊርማ ነው። የያሬድ ተማሪዎች ኖታውን በኮምፒውተር እንዲገለብጡ ቢመደቡ ለእነሱም ትልቅ ትምህርት ነው። እኔና የማውቃቸው የኳየር አሠልጣኞች በትርፍ ጊዜያችን ያለ ክፍያ ለመሥራት ዝግጁ ነን። ሥራውን የሚከታተል አንድ ክፍል ሰይሙና አሳውቁን፤ በማግስቱ እንመጣለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሙዚቃ መምህር
አዲስ አበባ