እድራችን ከቀብሩ በፊት ስላሉት ደቂቃዎችም ይነጋገር

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ባለፈው ክረምት በምኖርበት ግቢ የደረሰ አደጋ ነው። ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ፣ ስድስት አባወራ በሚኖርበት ግቢያችን፣ አንዲት ተከራይ ወጣት ያጠበችው ልብስ በዝናቡ ምክንያት አልደርቅ ስላላት ቡና ያፈላችበትን ከሰል ከነማንደጃው ወደ ክፍሏ አስገብታ፣ በርና መስኮቱን ዘግታ ተኛች። ማለዳ እህቷ መጥታ ብታንኳኳ መልስ በማጣቷ በሩን ሰብረን ስንገባ ልጅቷን ራሷን ስታ አገኘናት። ከዚያ በኋላ ባሉት ደቂቃዎች ያደረግነውን ሳስበው እስካሁን አፍራለሁ። አንድ እናት ወተት ይዘው መጡ፤ ሌላዋ ፊቷ ላይ ውሃ ረጩባት፤ አንዱ ጎረቤቴ ደግሞ የሚጥል በሽታ መስሎት ክብሪት እየጫረ ያሸትታት ጀመር። እኔም ሠላሳ ዓመት በባንክ ስሠራ ስንት ሥልጠና የወሰድኩ ሰው «ኧረ ሰው ጥሩ!» እያልኩ ከመጮህ ያለፈ የፈየድኩት አልነበረም። ይባስ ብሎ ሁላችንም የምንሟገተው እዚያው የታፈነው ክፍል ውስጥ ሆነን ነበር። ልጅቷን አፋፍሶ ወደ ውጭ ያወጣት ጩኸታችንን ሰምቶ ከማዶ የመጣ አንድ ወጣት የግንባታ ሠራተኛ ነው፤ በኋላ ስንጠይቀው በሥራ ቦታው የአንድ ቀን የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና እንደወሰደ ነገረን። ልጅቷ ተርፋለች።

የከሰል አደጋ ወሬ በየክረምቱ የምንሰማው ነው። ሆኖም አብዛኞቻችን ሰው የሚገድለው ጭሱ ስለሚመስለን፣ ከሰሉ ጭሱን ጨርሶ ፍም ከሆነ በኋላ ቤት ቢገባ ችግር የለውም ብለን እናምናለን። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ግን ቀለምም ሽታም የለውም፤ ደህና አድርጎ ከቀላ ፍምም ይወጣል። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅኑ ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ጥንካሬ ስለሚይዘው፣ ሰውየው አየር እየሳበም ቢሆን ሰውነቱ ኦክስጅን ያጣል። መጀመሪያ የሚሰማው ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና የጉልበት መክዳት ስለሆነ ብዙ ሰው ጉንፋን ወይም ድካም ነው ብሎ ይተኛበታል። መፍትሔው የተወሳሰበ አይደለም፤ በርና መስኮቱን ከፍቶ፣ ሳይቆዩ ሰውየውን ወደ ንጹህ አየር ማውጣትና ለቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 መደወል ነው። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም ነገር መስጠት አይገባም፤ ያ ሁሉ የተማመንበት ወተት ወደ ሆድ መውረዱ ቀርቶ ሳንባ ሊገባ ይችላልና። የነቃውም ሰው «አሁን ደህና ነኝ» ስላለ ተመልሶ እንዲተኛ መተው የለበትም፤ ሐኪም ቤት ሄዶ ኦክስጅን ማግኘት አለበት።

ራስን የማዳን ክህሎት ሲባል በረሃ ውስጥ ውሃ ማፈላለግና ከድንጋይ እሳት መፍለጥ የሚመስለው ሰው አለ። እኛ የመሃል አዲስ አበባ ሰዎች ግን አደጋ የሚጠብቀን በረሃ ላይ ሳይሆን ማጀት ውስጥ፣ የፎቅ ደረጃ ላይና ሥጋ ቤት ውስጥ ነው። ድስት ውስጥ በተቀጣጠለ ዘይት ላይ ውሃ የሚደፋ ሰው እሳቱን በቤቱ ሁሉ ይረጨዋል፤ ምድጃውን አጥፍቶ በክዳን ወይም በአክንባሎ ቢከድነው ግን እሳቱ አየር አጥቶ ይሞታል። እሳት ለፈጀው ገላ የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላልና ሊጥ እንቀባለን፤ ሐኪሞች የሚመክሩት ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ ያህል ማፍሰስ ነው፤ ቧንቧው በጠፋበት ቀን ደግሞ (በእኛ ሰፈር ይህ ብርቅ አይደለም) ከጀሪካን ቀስ እያደረጉ ማንቆርቆር ይቻላል። ለሚደማ ቁስል የተፈጨ ቡና ከመነስነስ ይልቅ በንጹህ ጨርቅ አጥብቆ መጫን ይሻላል። ጥሬ ሥጋ ጉሮሮውን ዘግቶት መናገርም ማሳልም ላቃተው ሰው ውሃ ማጠጣት አይጠቅመውም፤ ወደ ፊት አጎንብሶ በትከሻዎቹ መካከል አምስት ጊዜ በመዳፍ ጠንከር አድርጎ መምታት፣ ካልወጣለትም ከኋላው ቆሞ ከእምብርቱ ከፍ ብሎ በጭብጥ ወደ ውስጥና ወደ ላይ አምስት ጊዜ መጫን ያድነዋል። ይህን ሁሉ ለመማር ዲግሪ አያስፈልግም።

መስከረም 26 ቀን 2017 ዓ.ም. እሑድ ማታ ከፈንታሌ አካባቢ የተነሳው የመሬት መንቀጥቀጥ እዚህ ድረስ ሲሰማ ካዛንቺስ፣ ዘመዴ ቤት ሰባተኛ ፎቅ ላይ ነበርኩ። መብራቱ መወዛወዝ ሲጀምር ግማሾቻችን ወደ ሊፍቱ፣ ግማሾቻችን ልጅ ታቅፈን ወደ ደረጃው ሮጥን። በፎቅ ውስጥ ላለ ሰው የሚመከረው ሁለቱም አይደለም፤ መሬቱ እስኪረጋ ከመስታወት ርቆ፣ ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ዝቅ ብሎ፣ ራስን ከልሎ መያዝ፣ ከዚያም በደረጃ መውረድ ነው። በኋላ ታኅሣሥ ላይ ሲደጋገም መጀመሪያ በፍርሃት፣ ኋላም በቀልድ አሳለፍነው፤ ምን ማድረግ እንዳለብን ያስተማረን ግን አልነበረም፣ እኛም አልጠየቅንም።

ይህ የመንግሥት ሥራ ነው የሚል ይኖራል። የእሳትና የአደጋ ጊዜ ሠራተኞች ሥራ መሆኑን አልክድም፤ የ939 ቁጥርም በእያንዳንዱ ቤት በር ላይ ሊለጠፍ ይገባል። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል ያየን ሰዎች ግን ባለሙያ እስኪደርስ ያለው ጊዜ ምን ያህል እንደሚረዝም እናውቃለን። ልቡ የቆመ ሰው አንጎሉ በአራት ደቂቃ ገደማ ውስጥ መጎዳት ይጀምራል፤ አመሻሹ 12 ሰዓት ላይ ከሜክሲኮ ለገሃር በመኪና ሄዶ የሚያውቅ ሰው ሒሳቡን ራሱ ይሥራ። በእነዚያ ደቂቃዎች ከአጠገቡ ያለው ጎረቤቱ ብቻ ነው።

ሌላው ሥጋት ግማሽ እውቀት ያለው ሰው ይባስ ጉዳት ያደርሳል የሚለው ሲሆን፣ ይህኛው ተገቢ ነው። መኪና የገጨውን ሰው እጅና እግሩን ይዘን ታክሲ ላይ ስንጭን የተሰበረ አከርካሪ ልናባብስ እንችላለን። ነገር ግን ይህን ስሕተት አሁንም በየቀኑ እየሠራነው ነው፤ ሳንማርም እጃችንን አልሰበሰብንም። አደጋ ሲደርስ ሮጦ መድረስ ባህላችን ስለሆነ፣ መማር ያለብን ምን ማድረግ እንዳለብን ብቻ ሳይሆን ምን መንካት እንደሌለብንም ጭምር ነው።

የት እንማር ለሚለው ጥያቄ እኔ የማየው ቦታ እድር ነው። እድር ዳኛና ጸሐፊ አለው፤ ቀሪ ይቀጣል፤ ድንኳኑና ወንበሩ የተሟላ ነው፤ በወር አንድ ጊዜ የሰፈሩን ሰው በአንድ ላይ ያስቀምጣል። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ስለሚሰጥ፣ ከእያንዳንዱ እድር ሁለት ሁለት ሰው ሠልጥኖ ተመልሶ አባላቱን ቢያስተምር ወጪው ከአንድ ድንኳን ዋጋ የሚበልጥ አይመስለኝም።

በእኛ እድር ሐሳቡን ባነሳሁበት ዕለት አንድ አዛውንት «እድር የተቋቋመው ለቀብር ነው፤ ሐኪም ቤት አታድርጉት» ብለው ተቆጡኝ። ዳኛው ግን ጥቂት ካሰቡ በኋላ ከሰኔው ስብሰባ ላይ ግማሽ ሰዓት ፈቅደውልናል። ክረምቱ እየገባ ስለሆነ በከሰል እንጀምራለን፤ የሚያስተምሩት በሰፈራችን የሚኖሩ ጡረታ የወጡ ነርስ ሲሆኑ፣ ያቺ ተከራይ ልጅም ማንደጃዋን ይዛ እንድትመጣ ጠይቄያት እሺ ብላኛለች።

ከአክብሮት ጋር
የአራት ኪሎ አካባቢ ነዋሪ፣ አዲስ አበባ